«45 ከመቶ» ሲባል፦ የበልግ ትንበያና የዘር ውሳኔ

በደቡብ ወሎ ዞን ቦረና ወረዳ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያና በአጎራባች ደጋማ ቀበሌዎች ለበልግ አምራች አርሶ አደር ጥር የውሳኔ ወር ነው። በጎተራ የቀረው ገብስ ቀለብም ነው፤ ዘርም ነው። የበልጉ ዝናብ በጊዜው ገብቶ ከዘለቀ የተዘራው ክረምት ሳይበረታ ይደርሳል። ዝናቡ ጀምሮ ከተቋረጠ ግን ቡቃያው ይደርቃል፤ ለክረምቱ ማሳ የሚሆን ዘርም ይታጣል።

ለዚህ ውሳኔ ከሚያግዙ መረጃዎች አንዱ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅቱ ከመግባቱ በፊት የሚያወጣው ትንበያ ነው። ትንበያው «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይልም። የወቅቱ ዝናብ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ከመቶ ያስቀምጣል። ሦስቱ ሲደመሩ መቶ ይሆናሉ። ቁጥሩ በመንገድ ቀርቶ ቃሉ ብቻ ቀበሌ ከደረሰ፣ የመልእክቱ ትርጉም ይለወጣል።

የሠላሳ ዓመት መዝገብ

መነሻው የቆየ የዝናብ መዝገብ ነው። የ30 ዓመት የበልግ ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ በቅደም ተከተል ሲደረደር፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ 10 «መደበኛ»፣ የመጨረሻዎቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ስለዚህ ሌላ ምንም መረጃ በሌለበት የእያንዳንዱ ዕድል ከሦስት አንድ፣ ማለትም 33 ከመቶ ገደማ ነው። ትንበያ የሚያደርገው ይህን እኩል ክፍፍል ወደ አንዱ ወገን ማጋደል ነው።

ለልምምድ እንዲሆን የዘንድሮው ትንበያ ከመደበኛ በላይ 20፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 45 ከመቶ ነው እንበል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይህን በስብሰባ ላይ በ20 ፍሬ ቦሎቄ ማሳየት ይችላል። 4 ነጭ፣ 7 ቀይና 9 ጥቁር ፍሬ ቅል ውስጥ ይከተታል። ተሰብሳቢው ተራ በተራ ሳያይ አንድ ፍሬ ያወጣል፤ ቀለሙ ይመዘገባል፤ ፍሬው ወደ ቅሉ ይመለሳል። ጥቁሩ ከሌሎቹ ይበዛል፤ ሆኖም ከ20ው 11ዱ ጥቁር አይደሉም። «45 ከመቶ» ማለት ይህ ነው። ነጭ የወጣለት ሰው «ትንበያው ዋሸ» ሊል አይችልም፤ ነጩም ቅሉ ውስጥ ነበረና።

አማካዩን ማንም አያጭድም

ቀጣዩ እርምጃ ዕድሉን ወደ ምርት መመንዘር ነው። ግማሽ ሄክታር ገብስ 60 ኪሎ ዘር ይወስዳል እንበል። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ከሆነ 9 ኩንታል፣ መደበኛ ከሆነ 6 ኩንታል፣ ከመደበኛ በታች ከሆነ ምንም አይገኝም ብለን እናስብ። ምርቱ ዘሩ ሲበተን መጠኑ የማይታወቅ፣ ዕድሉ ግን የሚታወቅ ቁጥር ነው። የስታትስቲክስ ትምህርት እንዲህ ያለውን ቁጥር የዘፈቀደ ተለዋዋጭ ይለዋል።

ያለ ትንበያ ሦስቱ እኩል ዕድል ስላላቸው አማካዩ 15 ለሦስት ሲካፈል 5 ኩንታል ነው። በትንበያው ግን 9 በ20 ከመቶ ሲባዛ 1.8፣ 6 በ35 ከመቶ ሲባዛ 2.1፣ ድምሩ 3.9 ኩንታል ይሆናል። ዘሩ ሲቀነስ 3.3 ኩንታል ይተርፋል። በአማካይ ሲታይ መዝራቱ አሁንም ያዋጣል።

ነገር ግን በአንድ በልግ 3.9 ኩንታል የሚያጭድ የለም። የሚታጨደው 9፣ 6 ወይም ባዶ ነው። ሌላ ገብስ በጎተራ ያለው ቤተሰብ መጥፎውን ዓመት ተሻግሮ አማካዩ እስኪክሰው ሊጠብቅ ይችላል። ያለችው 60 ኪሎ ብቻ የሆነች ቤተሰብ ግን በ45 ከመቶ ዕድል ክረምቱን ያለ ዘር ትገባለች።

ግማሹን ዘርታ 30 ኪሎ ብታስቀር፣ ዘሩ ተቀንሶ የሚተርፋት አማካይ ወደ 1.65 ኩንታል ይወርዳል። የቀነሰው 1.65 ኩንታል ለክረምቱ ዘር ዋስትና የተከፈለ ዋጋ ነው። ዋጋው ይበዛል ወይስ ያንሳል የሚለውን የሚወስነው የጎተራው ባለቤት ነው። ስለዚህ በአንድ ትንበያ ለሁሉም አባወራና እማወራ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት አይቻልም።

«አምና ስለከፋ ዘንድሮ ይክሳል»

ሌላው ስህተት ያለፈው ዓመት ለዘንድሮ ዕዳ እንዳለበት መቁጠር ነው። ሁለት በልግ በተከታታይ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድል፣ ወቅቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌላቸው፣ ከዘጠኝ አንድ ነው። አምና አንዴ ካለፈ በኋላ ግን የዘንድሮው ዕድል ያው ከሦስት አንድ ነው። ፍሬው ወደ ቅሉ ተመልሷልና።

ማባዛቱ የሚሠራውም ወቅቶቹ ካልተያያዙ ብቻ ነው። በ2007 ዓ.ም. በብዙ የሀገሪቱ አካባቢዎች በልጉ ከሽፎ፣ በኤልኒኖ ምክንያት ክረምቱም ተዛባ። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ አስፈለጋቸው። ስለዚህ በበልግ የከሰረ «ክረምቱ ይክሰኛል» ከማለቱ በፊት የክረምቱን ትንበያ መጠበቅ አለበት።

ከወረዳው የሚጠበቀው

ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሥራው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ትንበያው ወደ ቀበሌ ሲወርድ ሦስቱም ቁጥሮች አብረው ይውረዱ። ሁለተኛ፣ በየቀበሌው የዝናብ መለኪያ ይተከልና በየቀኑ ጠዋት ይመዝገብ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ የትምህርት ቤት ተማሪዎችም ሊለኩት ይችላሉ። ተራራና ሸለቆ በበዛበት በዚህ አካባቢ የአንዱ ቀበሌ ዝናብ ለሌላው አይሆንምና፣ ዘንድሮ የተጀመረ መዝገብ የነገው የቀበሌው መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከዘር በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ጥቁሩ ፍሬ ቢወጣ ለክረምቱ ስንት ኪሎ ዘር ይቀራል?