የ30 ግራም ጣጣ

ፒያሳ ውስጥ በግራም የሚነጋገሩ ሁለት ሙያዎች አሉ፤ ወርቅ ቤትና ጎሚስታ። የወርቅ ቤቱን ግራም ደንበኛው ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተላል። ጎሚስታው ቸርኬው ጠርዝ ላይ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ የሚሰካትን የሚዛን ቁራጭ ግን ልብ የሚላት የለም። «ባላንስ ተሠርቷል» ይባላል፣ ይከፈላል፣ ይኬዳል።

ዙሪያውን እኩል የሚከብድ ጎማ የለም። ላስቲኩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፤ ቸርኬውም ቫልቭ ያለበት ጎኑ ብዙ ጊዜ ከበድ ይላል። ልዩነቱ 30 ግራም ነው እንበል፤ ቦታውም ከመሃሉ 17 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቸርኬው ጠርዝ ላይ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ የቤት መኪና ይህ ጎማውን ወደ ውጭ የሚስበው ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ጉልበት ነው። ፍጥነቱ 120 ሲደርስ ያቺው 30 ግራም ከ6 ኪሎ በላይ ትጎትታለች፤ ያውም በሰከንድ 18 ጊዜ ገደማ እየዞረች። ፍጥነት አራት እጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ 16 እጥፍ ስለሚያድግ ነው።

ፒያሳ እንዲህ ያለውን ጎማ ትሸሽጋለች። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ፣ የቸርችልን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተ የሚወጣ መኪና ጎማው የተመዛዘነ ይሁን አይሁን አያውቅም። አስፋልቱ በኮሪደር ልማቱ ቢታደስም መብራቱና እግረኛው ፍጥነት አይፈቅዱም። ሹፌሩ ጉዱን የሚሰማው እሑድ ቤተሰቡን ጭኖ፣ በ2006 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሲወጣ ነው፤ 80 አልፎ ወደ 100 ሲጠጋ መሪው እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ልዩነት የሚለካው የጎሚስታው ማሽን ጎማውን ዘንግ ላይ አስሮ ያሽከረክርና በውስጠኛውና በውጭኛው ጠርዝ፣ የቱ ጋ፣ ስንት ግራም እንደጎደለ ይናገራል። ሁለቱን ጠርዝ ለይቶ መንገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ከባዱ ነገር በአንዱ ጎን ወደ ውስጥ፣ በተቃራኒው ጎን ወደ ውጭ ካደላ፣ ጎማው ቆሞ ሲታይ የተመዛዘነ መስሎ ሲሮጥ ይወላገዳል። ሌሎቹ ዘዴዎች አብዛኞቹ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ግን መብራት የማይጠይቀው የእጅ ዘዴ ነው። ሞተሩ የማያሽከረክረው ጎማ በክሪክ ይነሳል፣ ፍሬኑ እንዳይነካካው ይላላል፣ ከዚያ ለራሱ ይተዋል። ከባዱ ጎን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አናቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግና እዚያው ክብደት ይጨመራል፤ ግማሹን በውስጥ፣ ግማሹን በውጭ ጠርዝ ማድረግ ይሻላል። ጎማው የትም ቢያቆሙት ባለበት ሲቀር ሥራው አለቀ። ፒያሳ ላይ ለዘመናት የተመላለሱት ላዳ ታክሲዎች ለዚህ የተመቹ ነበሩ፤ የሚነዱት በኋላ እግራቸው ስለሆነ የፊቱ ጎማ ነፃ ነው፣ ጎማቸውም ጠባብ ነው። እንደ ቪትዝ ያለው በፊት እግሩ የሚነዳ መኪና ሲሆን የፊቱ ጎማ የካምቢዮውን ጥርስ እየጎተተ ስለሚዞር የሚያሳየው አይታመንም፤ ጎማው ተፈትቶ ከኋላ ተገጥሞ መመዘን አለበት።

የዘዴው ጠላት ኩሽኔታው ነው። ግሪስ የጠገበ ኩሽኔታ ለጥቂት ግራም ብሎ ንቅንቅ አይልም። የሞተር ሳይክል ሠራተኞች ጎማውን አውጥተው በቀላሉ በሚዞር ቀጭን ዘንግ ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ በጠባቡ የሞተር ሳይክል ጎማ ላይ ይህ በቂ ነው። ጎማውን አጋድሞ በውሃ ልክ አረፋ የሚመዝን መሣሪያም አለ፤ እሱም ቢሆን የሚያየው ቆሞ የሚታየውን ሚዛን ብቻ ነው።

ክብደቱ የእርሳስ ከሆነ በባዶ እጅ ይዞ፣ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 የእርሳስ ክብደትን ከመኪና ጎማ ያስወጣው መርዝ ስለሆነ ነው፤ ቦታውን ዚንክና ብረት ወስደዋል።

ምንም ክብደት ሳይጨመር የሚሠራም አለ። አዲስ ጎማ ጎኑ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለው ቀላሉን ቦታ ያመለክታል፤ ከቫልቩ ጋር አጋጥሞ መግጠም ልዩነቱን ያጠበዋል። ነጥቡ ከጠፋ ጎማውን ከቸርኬው አላቆ ግማሽ ዙር ማዞር ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ቸርኬው ውስጥ ተጋግሮ የደረቀውን ጭቃ ማጠብ ብቻውን መሪውን ሊያረጋጋው ይችላል።

ስለ መስታወት ዶቃዎች ብዙ ይወራል። ጥቃቅን ዶቃ ጎማው ውስጥ ይጨመራል፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ዶቃው በራሱ ወደ ቀላሉ ጎን ይሄዳል ይባላል። በሐሳቡ ላይ እውነት አለ፤ ግን የሚሠራው ጎማው ከነተሸካሚው እንደ ልቡ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ ሲችል ነው። ዘንጉ ድርቅ ባለ ማሽን ላይ ሊፈተን የማይችለውም ለዚሁ ነው። በዝግታ ሲኬድ ዶቃው ይንከባለላል እንጂ አይረዳም፤ ቫልቭም ሊደፍን ይችላል። ረጅም መንገድ ለሚሮጥ ከባድ መኪና ቢሞከር አልቃወምም፤ ቀኑን ሙሉ ፒያሳና ስድስት ኪሎ ለሚመላለስ ሚኒባስ ግን ገንዘብ መጣል ነው። የተበሳ ጎማ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመረው ፈሳሽ ይብሳል፤ መኪናው ሲያድር ታች ይጠራቀምና ጠዋት ራሱ ንዝረት ይሆናል።

የሹፌሮች አቋራጭም አለ፤ የሚንቀጠቀጠውን የፊት ጎማ ወደ ኋላ ማዛወር። መሪው ይረጋል፤ መንቀጥቀጡ ወደ ወንበር ይዛወራል።

ማሽን ያለው ጎሚስታ ጋ የሄደ ሰው አንድ ነገር ቢያይ ይበቃዋል፤ የድሮዎቹ ክብደቶች ተነቅለው ነው ወይ የተጀመረው? ካልተነቀሉ በስህተት ላይ ስህተት እየተደረበ ነው። ማሽኑ ከ100 ግራም በላይ ከጠየቀም ክብደት ከመደርደር በፊት ጎማውን ቸርኬው ላይ ማዞር፣ ቸርኬውም በጉድጓድ ተጣምሞ እንደሆነ እያሽከረከሩ ጠርዙን ማየት ይቀድማል። የተጣመመ ቸርኬ በክብደት አይቃናም።