አሩስ ቢታደስ

ከፖርት ሱዳን ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር አለ። ጣሪያቸው ቀይ የሆነ 15 ትንንሽ ቤቶች፣ አንድ ወጥ ቤት፣ በባሕሩ በኩል ክፍት የሆነ ሰፊ የምግብ አዳራሽ፤ መንደሩ ይኸው ነው። የሠሩት የጣሊያን ባለሀብቶች ናቸው፣ በ1972 (እዚህ የምጠቅሰው ዓመትና ቀን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዛሬ ፈራርሶ ወና ቀርቷል። ታሪኩን ያልሰማ ሰው ጨውና ነፋስ የበላው ግንብ አይቶ ያልፋል። እኔ ግን በዚያ ባሕር ዳርቻ ሁሉ ቢጠገን ብዬ የምመኘው ከአሩስ የሚበልጥ ቦታ የለኝም። ምኞቱ የኔ ብቻም አይደለም። ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚወዱ ሰዎች ይመኙታል። ወላጆቻቸው በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ በኩል አልፈው እስራኤል የገቡ ልጆች ቦታውን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። እንደኔ የስደት ዘመናቸውን በሾዋክና በገዳሪፍ መሐል የገፉ ሰዎችም ስሙ ሲነሳ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ስለ ባሕሩ ውበት ብዙ አልልም፤ ያየው ያውቀዋል። ከዳርቻው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ያለው ሳንጋነብ በቀይ ባሕር ውስጥ ቀለበት ሠርቶ የበቀለ ብቸኛው የኮራል ደሴት ነው። ዩኔስኮ በ2016 ከዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥና ከሙካዋር ደሴት ጋር አንድ ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሻብ ሩሚ በሚባለው የኮራል ክምር ላይ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 የባሕር ሥር መኖሪያ ተክሎ ነበር። አምስት ሰዎች በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ወር ያህል ኖረውበታል፤ ለትንሿ ሰርጓጅ መርከባቸው የተሠራው መጠለያ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

የእኛን ሰው ልብ ይበልጥ የምትነካው ግን ኡምብሪያ ናት። ይህች የጣሊያን መርከብ በሰኔ 1940 ሆዷን በቦምብ ሞልታ ወደ ምጽዋ ስታመራ እንግሊዞች ፖርት ሱዳን ደጃፍ ላይ አስቆሟት። በዚያው ሰሞን ጣሊያን ጦርነት አወጀች፤ ካፒቴኑም መርከቧ በጠላት እጅ እንዳትገባ ራሱ አሰመጣት። አርበኞቻችን ገና በየዱሩ በሚዋጉበት ጊዜ ለምሥራቅ አፍሪቃው የጣሊያን ጦር የሚሄደውን ያን ሁሉ ቦምብ ባሕር በላው። ቦምቡም፣ አብረው የተጫኑት ሦስት ፊያት መኪናዎችም እስካሁን ከሆዷ ውስጥ ናቸው። ወደዚያ የምትጠልቅ ሁሉ እባክህ እጅህን ሰብስብ። ለመታሰቢያ እያሉ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት የሚያወጡ አሉ። ፎቶ ለመነሳት ኮራል ላይ የሚቆሙም አሉ፤ አንድ እግር በአንዲት ቅጽበት የሚሰብረው ቅርንጫፍ ለመብቀል ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

ወደ መንደሩ ልመለስ። አሩስን በመጀመሪያ የገደለው የውበት ማነስ አይደለም፤ ቤቶቹ ተሠርተው ሲያልቁ መብራት የለም፣ የሚጠጣ ውሃ የለም፣ የሚያደርስ መንገድም የለም። ኩባንያው አልሆንለት ብሎ ሥራ ሳይጀምር ተወው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ስለ አሩስ መታደስ የሚያልም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የመዋኛ ገንዳና የሙዚቃ መድረክ ስለሆነ ነው። ለዚያ ቦታ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የባሕር ውሃን ጨው የሚለይ መሣሪያ፣ በዚያ ፀሐይ ሞልቶ የሚተርፍ የፀሐይ ኃይል መብራትና ደህና የጠጠር መንገድ ነው።

በ1981 የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ ቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያን አይሁድ፣ ከሱዳን በምሥጢር ለማውጣት ሽፋን ፈልጎ፣ የአውሮፓ ኩባንያ መስሎ መንደሩን ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ተከራየ። ኪራዩ ለሦስት ዓመት 320,000 ዶላር ነበር። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የጀልባ ሞተሩ፣ የውሃ ላይ ስፖርት ዕቃው ሁሉ ከእስራኤል ተጭኖ መጣ። 15 ያህል የአገሬው ሠራተኞች ተቀጠሩ። ምግብ አብሳዩን ከሌላ ሆቴል ያስኮበለሉት ደመወዙን እጥፍ ከፍለው ነው። የዕለት ሥራውን የሚመሩት ሴት ሰላዮች ነበሩ፤ ሴት የምታስተዳድረው ቤት ጥርጣሬ አይጠራም ተብሎ። የመጥለቂያ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የተደበቀ ራዲዮ ነበር፣ ወደዚያ ሠራተኛ ዝር አይልም። የሚገርመው ንግዱ መያዙ ነው። ከካርቱም ዲፕሎማቶች ይመጡ ነበር፣ የግብፅና የእንግሊዝ ወታደሮችም አርፈውበታል፣ የሱዳን ባለሥልጣናትም ተዝናንተውበታል። ገቢው ራሱን ችሎ ከመንደሩም አልፎ ለጭነት መኪና መከራያ ተረፈ።

ጭነት መኪና ስል እዚህ ላይ ረጋ ማለት አለብኝ፤ ስለ አሩስ የሚነገረው ስሕተት ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው እንዲህ ነው፦ የቤተ እስራኤል ስደተኞች ሆቴሉ ውስጥ ተደብቀው ከረሙ፣ ከዚያ በጀልባ ተወሰዱ። በ2019 ስለ መንደሩ የወጣው ፊልም፣ እሱም ናሚቢያና ደቡብ አፍሪቃ የተቀረጸው፣ ይህን ምስል በየቤቱ አስገባው። ፊልሙን አይታችሁ «አሩስን አውቀዋለሁ» የምትሉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ቆም በሉ። ስደተኞቹ ከእነዚያ ቤቶች በአንዱም አላደሩም። መንደሩ ለእንግዶቹ በእርግጥ ሆቴል ነበር፤ ለሰላዮቹ ደግሞ በዚያ ባሕር ዳር ሲንቀሳቀሱ «ምን ትሠራላችሁ?» ለሚል ጠያቂ መልስ ነበር። ሰዎቹ ጀልባ ላይ የሚወጡት ከመንደሩ ራቅ ብሎ ካለ ባዶ ዳርቻ ነው። የታሪኩ መነሻና የታሪኩ ክብደት ያለው ግን ከዚያ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በገዳሪፍ ዙሪያ ነው።

ከወገራ፣ ከስሜን፣ ከጠገዴ፣ ከወልቃይት የተነሱ ቤተሰቦች አህያቸውን ጭነው፣ ሕፃን አዝለው፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ። ሽፍታ ዘረፋቸው፣ ውሃ ጥም ፈጃቸው። ኡም ራኩባ ከሚባለው የስደተኛ መጠለያ የደረሱት ደግሞ በወባና በተቅማጥ አለቁ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት አላቸው። በእነዚህ መጠለያዎች ውስጥ ቤተ እስራኤል መሆንን ገልጦ መናገር አደጋ ነበር። ስለዚህ ወጣቶች በምሥጢር ኮሚቴ አቋቁመው የማን ቤተሰብ የት ድንኳን እንዳለ ለዩ፤ መድኃኒትና ገንዘብ አደረሱ። የመውጫው ሌሊት ሲደርስ ሰዎቹን በጨለማ እየመሩ ሎሪው ወደቆመበት ሜዳ የሚያወጡትም እነሱ ነበሩ። ከሁሉ በፊት የነበረው ፈረደ አክሉም ነው። የትግራይ ሰው፣ መምህር፣ እሱም ስደተኛ ሆኖ ሱዳን የገባ። ድረሱልን ብሎ የጻፈው መልእክት ሞሳድ እጅ ገብቶ ዳኒ ሊሞር የሚባለው ሰላይ ሊፈልገው መጣ፤ መንገዱን የከፈቱት ሁለቱ ናቸው። ፈረደ በ2009 ዐረፈ። ፊልሙ በሱ አምሳል የፈጠረው ሰው ስሙ ተለውጦ ከጀርባ ቆሟል። ጀግናው ሌላ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሎሪው ከገዳሪፍ ወደ ባሕር የሚሄድበት መንገድ በሾዋክ ያልፋል። ሾዋክ በአትባራ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በስደተኛ ዘንድ ግን ትልቅ ስም ነበራት፤ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን የምሥራቁ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለነበረ ወረቀት የፈለገ ሁሉ ወደ ሾዋክ ይሄዳል። ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ ከመጠለያ ወጥቶ ኬላ ላይ የተገኘ ይታሰራል። ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር ሎሪዎች ይደረደራሉ፤ ሾፌሮቹ ፉላቸውን በልተው፣ በትንሿ ብርጭቆ ሻሂያቸውን ጠጥተው፣ ጄሪካናቸውን ሞልተው ወደ ከሰላ ይነዳሉ። ሸራው ተጎትቶ ከኋላ በገመድ የታሰረ ሎሪ ማሽላ ይጫን ሰሊጥ ማንም አይጠይቅም። ሾዋክ በነበርኩ ጊዜ እኔም አይቼ አልጠየቅሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከእነዚያ ሎሪዎች በአንዱ የሄዱ እናት አገኘሁ። ወገሬ ናቸው፤ አማርኛቸው እንደወጡበት ቀን ነው። «እማማ፣ አሩስን አዩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንድነው እሱ?» አሉኝ።

ሆቴሉን ነገርኳቸው። ሰምተው አያውቁም። እሳቸው የሚያስታውሱት ሸራውን ነው፤ ከላይ የሚያቃጥል፣ ናፍጣና አቧራ የሚሸት። ቀን ሸለቆ ውስጥ አስተኟቸው፣ ማታ እንደገና ነዱ። ልጅ እንዳያለቅስ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ነበር፤ አሁንም እያወሩኝ ጫፉን በጣታቸው ይጠቀልሉታል። «ከዚያ ውሃ ዳር አወረዱን። የማያልቅ ውሃ። በሕይወቴ ጣናን እንኳ አላየሁ፣ ልጄ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ውሃው ጨው ነው።» ነጭ ሰዎች እየተሸከሙ ጎማ ጀልባ ላይ አስቀመጧቸው። ጀልባው ባሕሩ ላይ ካለች ትልቅ መርከብ አደረሳቸው። ለእሳቸው አሩስ ማለት ይህ ነው፣ ስሙን ሳይሰሙት።

የባሕሩ መንገድ ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ኮንትሮባንዲስት ያገኙ መስሏቸው ጀልባዎቹ ላይ ተኮሱ፤ ሰላዮቹ «ቱሪስት ላይ ትተኩሳላችሁ?» ብለው ተቆጥተው ተረፉ። ከዚያ በኋላ ሄርኩለስ አውሮፕላን በሌሊት በረሃ ላይ እያረፈ ሰው ይጭን ጀመር። ዘመቻ ሙሴ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ከአሩስ ጋር የምታቀላቅሉ ጸሐፊዎች ቢያንስ ቀኑን ተመልከቱ። ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 የተደረገ ሲሆን፣ ሰዎቹ ከገዳሪፍ አጠገብ ከተዋዋ በአውቶቡስ ካርቱም ተወስደው በቤልጂግ አውሮፕላኖች ወጡ፤ ወደ 8,000 ይጠጋሉ። ወሬው አደባባይ ሲወጣ ተቋረጠ። የቀሩትን 500 ያህል ሰዎች በመጋቢት 1985 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አካባቢ ወሰዷቸው። ሚያዝያ ላይ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርድ የአሩስ ሰላዮችም ሌሊት ተነስተው ጠፉ። እንግዶቹ ሲነጋ ከአገሬው ሠራተኞች በቀር ማንም አላገኙም።

እንግዲህ አሩስ ቢታደስ ምን ይሁን? እኔ የምመኘውን ልናገር። ከ15 ቤት አይለፍ። ትልቅ ሆቴል እዚያ መትከል ኮራሉን መግደል ነው፤ ፍሳሹ ወዴት ሊሄድ ነው? ጀልባ መልሕቁን ኮራል ላይ እንዳይጥል ቋሚ ማሰሪያ ተንሳፋፊዎች ይተከሉ። መሪና ጀልባ ነጂ የአገሬው የቤጃ ልጆች ይሁኑ፤ ባሕሩን የሚያውቁት አባቶቻቸው ናቸው። ጣሪያው ቀይ ይሁን፣ እንደ ድሮው። የምግብ አዳራሹ አንዱ ግድግዳ ላይ ግን ካርታ ይሳል። ካርታው ከባሕሩ አይጀምር፤ ከወገራ ይነሳ፣ በኡም ራኩባ ይለፍ፣ ገዳሪፍን፣ ሾዋክን፣ ከሰላን አልፎ ባሕሩ ላይ ይድረስ። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ይጻፍ። ከሰላዮቹ ስም በላይ የኮሚቴው ልጆች ስም ይቅደም። የፊልሙ ፖስተር አይሰቀል።

ዛሬ ለዚህ ጊዜው እንዳልሆነ አጥቼው አይደለም። ሱዳን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፤ በግንቦት 2025 ፖርት ሱዳን ራሷ በድሮን ተመታለች። ኡም ራኩባም በ2020 መጨረሻ እንደገና ተከፍቶ ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችንን ተቀብሏል። ሰላም ሳይመጣ ሲሚንቶ አይጫንም። ለካርታው የሚሆነውን መሰብሰብ ግን ሰላም አይጠብቅም፣ የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነውና። እናት አባት ያላችሁ ጠይቁ፦ ከየትኛው መንደር ተነሱ፣ ማን መራቸው፣ ሎሪው የት የት ቆመ፣ ማን መንገድ ላይ ቀረ፣ የት ተቀበረ። በድምፅ ቅረጹት፣ ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፉበት። በሱዳን በኩልም በአሩስ አልጋ ሲያነጥፉ፣ ዓሣ ሲጠብሱ የነበሩትን ሠራተኞች የሚያፈላልግ ሰው ይኑር። የትኛው ክፍል የት እንደነበረ፣ ውሃው ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ይሠራ እንደነበር ከእነሱ የተሻለ የሚነግር የለም፤ አዳሹ መሐንዲስም መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።