መብራት ሄዶ ሲመጣ፦ በጥቂት ወጪ የቤት ኮምፒዩተርን መጠበቅና መጠገን

 

በግንቦት ወር አጋማሽ ላይ አሶሳ ከተማ ውስጥ ከአንድ የምናውቀው ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጠን ነበር። የዐስር ሰላት እንደተሰገደ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱም የቤቱን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠው ጀመር። መብራት ሄደ። ጥቂት ቆይቶ መጣ፤ ወዲያው ተመልሶ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጥግ ላይ ከተቀመጠው ኮምፒዩተር "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነችው የቤቱ ታላቅ ልጅ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አባትየውን ያስደነገጣቸው ግን ሌላ ነበር። ወደ አኼራ የሄዱት እናታቸው የዘር ሐረጋቸውንና የጥንት ተረቶችን በበርታ ቋንቋ ሲተርኩ የተቀዳው ድምፅ ከዚያ ኮምፒዩተር በቀር የትም የለም።

በማግስቱ ዕቃው ወደ አንድ ጥገና ቤት ተወሰደ። "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ አይሠራም፤ ሌላ ግዙ" የሚል መልስ ይዘው ተመለሱ። አባትየው በዚህ ሳይረኩ አንድ የሰፈር ወጣት ጠሩ። ወጣቱ ሣጥኑን ከፍቶ ሲመረምር የተቃጠለው ማዘርቦርዱ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ "ፓወር ሰፕላይ" የሚባለው ብቻ ሆኖ አገኘው። ከሌላ ከተበላሸ ኮምፒዩተር የወጣ ደህና ፓወር ሰፕላይ ገጠመለት። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ጽሑፉም ድምፁም በቦታቸው ተገኙ። አልሐምዱሊላህ!

እኛ ግን እንዲህ አልታደልንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤታችን ሀርድ ዲስክ "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ ሲያሰማ ሰንብቶ ነበር። ዛሬ ነገ ስንል አንድ ቀን ጨርሶ ዝም አለ፤ የልጆቻችን የሕፃንነት ፎቶዎችም አብረውት ቀሩ። በሁለቱም ቤት የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ዕውቀትና ጥንቃቄ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው።

መብረቅና የመብራት መቆራረጥ

እንደሚታወቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ ወረዳ ሲሆን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙም ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት ይበልጣል። ሆኖም ኃይሉ ቤታችን የሚደርሰው በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በትራንስፎርመርና በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ አልፎ ነው። አንድ የወደቀ ቅርንጫፍ ወይም አንድ መብረቅ ይህን መሥመር ከነካው ግድቡ የቱንም ያህል ቢያመነጭ የሰፈሩ መብራት መቆራረጡ አይቀርም። በአሶሳ አካባቢ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ በእነዚህ ወራት ጥንቃቄያችን መጠንከር አለበት።

የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ኮምፒዩተርን የሚጎዳው መብራት መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ሲመለስ ነው። በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ስፒናውን ከሶኬቱ እንንቀል። ሲመለስም ዐሥር ደቂቃ ያህል ታግሰን፣ አምፖሉ ሳይርገበገብ መብራቱን አይተን እንሰካው። ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምርም መብራት እስኪሄድ አንጠብቅ። ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ስፒናው መነቀል አለበት። የኢንተርኔት ኬብል ካለም አብሮ ይነቀል፤ መብረቅ በዚያም በኩል ይገባልና። ነጎድጓዱ ከቀረበ በኋላ ግን ሽቦ አለመንካት ይሻላል። ዕቃ ይተካል፤ ሕይወት አይተካም።

ስለ ዕቃ ግዢም አንድ ነገር እንበል። ተራ ኤክስቴንሽን የሶኬት ቁጥር ያበዛል እንጂ ጥበቃ አይሰጥም። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ ያለውን ቮልት ያስተካክላል። ዩፒኤስ ደግሞ በባትሪው ጥቂት ደቂቃ ስለሚሰጠን ሥራችንን አስቀምጠን በወጉ እንድናጠፋ ያደርገናል። ገና ኮምፒዩተር ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ካለ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪው ደህና የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል፤ ባትሪው ራሱ እንደ ዩፒኤስ ያገለግላልና።

ሙቀትና አቧራ

የበጋው አቧራ በኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ላይ ሲጋገር አየር አይዘዋወርም፤ ውስጡም ይግላል። ያለ ምክንያት የሚጠፋ፣ ማራገቢያው የሚጮኽ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ሙቀት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው። በሁለትና ሦስት ወር አንድ ጊዜ ከመብራት ነቅለን፣ ሣጥኑን ከፍተን፣ በደረቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን እንጥረግ። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት እንያዘው። በአፍ መንፋት ግን ምራቅና እርጥበት ስለሚያስገባ አይመከርም።

ላፕቶፕን በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ማፈን ነው። ቀርከሃ በሞላበት በአሶሳ ሁለት የተሰነጠቀ የቀርከሃ ዘንግ ከሥሩ ማድረግ ይበቃል። ሲጠፋ በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነው፤ ሲሠራ ግን ጨርቁ ይነሣ።

እምቢ ሲል ምን እናድርግ?

መልሱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው።

ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ፦ አስቀድመን የሞባይል ቻርጀር ሰክተን ሶኬቱ መሥራቱን እንፈትሽ። ቀጥሎ ገመዱ በሁለቱም ጫፍ በደንብ መግባቱን፣ የዴስክቶፕ ከሆነ ከጀርባው ያለው ማብሪያ አለመጥፋቱን እንይ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለን፣ የሚወጣ ባትሪ ካለው አውጥተን፣ ማብሪያውን ለግማሽ ደቂቃ ተጭነን እንቆይ፤ ከዚያ በቻርጀሩ ብቻ እንሞክረው። በርካታ "የሞቱ" ላፕቶፖች በዚህ ተነሥተዋል።

መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፦ ከመብራት ነቅለን፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን አላቅቀን፣ ራም የሚባለውን ክፍል እናውጣ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለን ጠርገን እስኪቆለፍ ድረስ መልሰን እንግጠመው። ከመንካታችን በፊት ያልተቀባ ብረት እንንካ፤ በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ራሙን ሊጎዳው ይችላልና።

ቀኑና ሰዓቱ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። በአብዛኛው ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው፤ ዋጋዋም ቀላል ነው። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒዩተር የኢንተርኔት ገጾችን "ደኅንነታቸው አልተረጋገጠም" እያለ ስለሚከለክል ብዙ ሰው ኔትወርኩን በከንቱ ይወቅሳል።

ከተንቀራፈፈ፦ ሲበራ አብረውት የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች እናስቁም፤ ዲስኩም እስከ አፉ አይሙላ። ጥቂት ገንዘብ ከተገኘ የድሮውን ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት አሮጌውን ኮምፒዩተር አዲስ ያስመስለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፓወር ሰፕላይን ሙሉውን አውጥቶ መለወጥ ይቻላል፤ የራሱን ሣጥን መክፈት ግን ክልክል ነው። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

በፍላሽ የሚመጣው እንግዳ

በ1978 ዓ.ም "ብሬን" የተባለውን የመጀመሪያውን የፒሲ ቫይረስ የሠሩት በፓኪስታን ላሆር ከተማ የኮምፒዩተር ሱቅ የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ያ ቫይረስ የተሠራጨው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ፍሎፒ ዲስክ ነበር። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዞረው ፍላሽ የፍሎፒውን ቦታ ተክቷል። ፍላሹን ስንከፍት ፋይሎቻችን ጠፍተው አቋራጭ ምልክት ብቻ ካየን አንደናገጥ፤ ፎርማትም አናድርግ። ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። አስቀድመን ፍላሹን በአንቲቫይረስ እናስፈትሽ፤ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ኮምፒዩተሩን እናዝዘው። አቋራጮቹን ግን አንጫናቸው።

ለአንቲቫይረስ ገንዘብ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጣው ዲፌንደር ዘወትር ከታደሰ ለቤት ይበቃል። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ መጫን ኮምፒዩተሩን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚታደል ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረሱን በሆዱ ይዞ ይመጣል። ለጽሑፍ ሥራ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ አለ።

ማደስ ለምን ይጠቅማል ቢባል ምሳሌው ዋናክራይ ነው። ይህ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም ተነሥቶ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒዩተሮችን መታ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ ሕሙማን እስከ መመለስ ደረሱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት በነፃ ወጥቶ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ስላበቃ፣ ኮምፒዩተራቸው ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም ቤተሰቦች ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ነፃ ሥርዓት ቢሞክሩ ይጠቀማሉ።

ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ፋይል

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብንባል ይህን እንመርጣለን፦ የማይተካ ነገር ሁሉ ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ ዕቃዎች ላይ ይቀመጥ፤ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን። መብረቅም ሌባም እሳትም አንድ ቤት ያለውን ሁለቱንም ቅጂ በአንድ ሌሊት ሊወስድ ይችላል። ተማሪዎች በየሳምንቱ ጽሑፋቸውን ወደ ራሳቸው ኢሜይል ይላኩ። ሀርድ ዲስክ "ጠቅ፣ ጠቅ" ማለት ከጀመረ ደግሞ ጥገናው ይቆይ፤ በዚያው ሰዓት አስፈላጊውን እንገልብጥ። እኛ ያላደረግነው ይህን ነበር።

ጥገና ቤት ከመሄዳችን በፊት

የቤተሰብ ፎቶ አማና ነው። የእናትና የእህት ሥዕል ያለበትን ዲስክ እንዳለ ለማናውቀው ሰው መስጠት ተገቢ አይደለም። ብልሽቱ የዲስኩ ካልሆነ ዲስኩን አውጥተን እንስጥ፤ ካልተቻለም ፋይሎቹን ገልብጠን እንሰርዝ፤ ከተቻለም አብረን እንቀመጥ። የዕቃውን መለያ ቁጥር በወረቀት እንጻፍ። "ተቃጥሏል" ሲባልም የትኛው ክፍል እንደሆነ እንጠይቅ፤ የተነሣውን አሮጌ ክፍል እንቀበል፤ ከመግዛታችንም በፊት ሁለተኛ ሰው እናማክር።

ከአሶሳ ስንመለስ አባትየው እስከ መኪና ማቆሚያው ሸኙን። ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ፍላሽ ነበር። "አንዱን ባምባሲ ላለው ወንድሜ እልከዋለሁ" አሉን። "ሁለተኛውን ደግሞ ልጄ ይዛው ትቆያለች። የእናቴ ድምፅ ከእንግዲህ በአንድ ሶኬት ላይ አይንጠለጠልም።"

አንባብያን ሆይ! ይህን ገጽ አንብባችሁ ስታበቁ አንድ ነገር አድርጉልን። ከኮምፒዩተራችሁ ውስጥ ዳግመኛ የማይገኘው የትኛው እንደሆነ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ጠይቁ፤ ዛሬውኑም ሁለተኛ ቅጂ አውጡለት። ኢንሻአላህ በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም።