ከገንዘብ የተገኘ መስቀል

በሐይቅና በአምባሰል በብዙ ቤት፥ ከእናት ለልጅ የሚወርድ የብር መስቀል ከሣጥን ግርጌ ይገኛል። ይህ ብር አስቀድሞ ገንዘብ እንደ ነበረ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። አንጥረኛው ብዙውን ጊዜ የሚያቀልጠው ጠገራ ብር ነበርና፤ ይኸውም የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፥ ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት የሚታተምበት፥ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ገንዘብ ነው። ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር ስለ ሆነ አንጥረኞች ይመርጡት ነበር፤ አንዳንዱም ሳይቀልጥ ማንጠልጠያ ተበጅቶለት በአንገት ይታሰር ነበር።

ነገር ግን ከዚህ እጅግ የሚቀድም ገንዘብ አለን። የአክሱም ነገሥታት በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የግሪክ ጽሕፈት ያለበት ገንዘብ አስመቱ። ንጉሥ ኢዛናም በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀልን አስቀረጸ። እንግዲህ መስቀል በገንዘብ ላይ የተቀረጸው ፊት፥ ገንዘብ ወደ መስቀል የተለወጠው ኋላ ነው።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን ሆይ፥ በእርሻ እንዲህ ያለ ገንዘብ ቢገኝ ለጌጥ ብሎ ማቅለጥ አይገባም፤ ለቅርስ ጠባቂዎች ማሳየት ይገባል እንጂ። አንዱ ጠገራ ቢቀልጥ መሰሉ አይጠፋም፤ የአክሱሙ ሲቀልጥ ግን የንጉሡ ስም አብሮ ይቀልጣል። የእናትንም መስቀል ለአዲስ ጌጥ ወደ እሳት ከመስደድ በፊት ልብ እንበል፤ ሚዛን የሚነግረን የብሩን ክብደት ብቻ ነው።