የትኛው ይቅደም? የቤተሰብን ቪዲዮ ታሪክ አድርጎ ስለ ማቀናበር

በየቤታችን በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ ቁጥር ስፍር የለውም። የልጅ የመጀመሪያ እርምጃ፣ የልደት ኬክ ሲቆረስ፣ የሙሽሮች መልስ፣ የምረቃ ቀን፣ ሁሉም ተቀርጿል። ነገር ግን ቁጭ ብሎ የሚያየው ማን ነው? እንግዳ ሲመጣ ስልኩ ይወጣና «ቆይ፣ ይኼ አይደለም፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው» እየተባለ ጣት ስክሪኑ ላይ ይመላለሳል። እንግዳው ቡናው እየቀዘቀዘበት በትሕትና ፈገግ ይላል። የተቀረጸው ነገር ታሪክ የሚሆነው አንድ ሰው «የትኛው ይቅደም? የትኛው ይከተል? የትኛውስ ይቅር?» ብሎ ሲወስን ነው። ይህን ውሳኔ ባልና ሚስት አብረው ቢያደርጉት መልካም ነው።

ቤተሰብን መቅረጽ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ፊልሞቻቸውን ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ሲያሳዩ፣ ከመካከላቸው አንዱ ኦገስት ሉሚየር ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ሕፃን ልጁን ሲመግብ የሚያሳይ ነበር። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ካሜራው ከቆመበት ሳይነቃነቅ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ ስለሆነ የሚቀናበር ነገር አልነበረውም። የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ ከአንድ ጉዞ ብቻ ሰባና ሰማንያ ቁራጭ ቪዲዮ ይዘን እንመለሳለን።

በቅድሚያ አንድ ዓረፍተ ነገር

እንበልና አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆሳዕና የሚኖሩትን አያት ለገና ሊጠይቅ ሄደ። በስልክ የተቀረጸው ሁሉ ሲደመር ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከማቀናበር በፊት ባልና ሚስት ለየብቻ «ይህ ፊልም ስለ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ባል «ገናን ሆሳዕና አከበርን» ብሎ ጻፈ እንበል። ሚስት ደግሞ «ልጆቻችን አያታቸውን አወቁ» አለች። ሁለተኛው ለፊልም ይመቻል፤ ምክንያቱም በውስጡ የሚለወጥ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ አያታቸውን አያውቋቸውም፣ መጨረሻ ላይ ግን ከእቅፋቸው አይወርዱም።

ዓረፍተ ነገሩ ከተመረጠ በኋላ ማጣራቱ ይቀላል። የአስፋልቱና የመንገዱ ምሳ ረጅም ቪዲዮ ቦታ ያጣል። ትንሿ ልጅ አያቷን ስታይ እናቷ ቀሚስ ሥር የተደበቀችበት ስድስት ሰከንድ ግን ዋጋው ከፍ ይላል።

መነሻ፣ መሐል፣ መድረሻ

የተመረጡትን በመጀመሪያ በተቀረጹበት ጊዜ ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ለአብዛኛው የቤት ፊልም ይኸው ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ መነሻው ተመልካቹን የት እንዳለና እነማን እንደሆኑ ይነግረዋልን? ሁለተኛ፣ መሐሉ ከመነሻው ወዲህ የተለወጠ ነገር ያሳያልን? ልጅቱ ስትደበቅ፣ ከዚያ ቀረብ ብላ ስታይ፣ ከዚያም ከአያቷ ጋር ቆጮ ስትቆርስ፣ እነዚህ ሦስቱ በተርታ ሲቀመጡ ያለ አንዳች ማብራሪያ ታሪኩን ይናገራሉ። ሦስተኛ፣ መድረሻው የት ነው? ብዙ ሰው መኪናው ቤት እስኪገባ ድረስ ይቀጥላል፤ ታሪኩ ግን ያለቀው አያት በደጃፉ ቆመው እጃቸውን ሲያውለበልቡ ነው። እዚያ ላይ አቁሙ።

የአምስት ደቂቃ ፊልም ሦስት መቶ ሰከንድ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በአማካይ ስድስት ሰከንድ ቢወስድ ሃምሳ ቁራጭ ይይዛል። የእያንዳንዱን መጀመሪያና መጨረሻ ከርክሙ፤ ካሜራው የሚንቀጠቀጥበትና «ተጀመረ እንዴ?» የሚባልበት ይቁረጥ። ርቀቱንም አቀያይሩ። ግቢውን በሙሉ የሚያሳይ ሰፊ ምስል፣ ቀጥሎ በጀበናው ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች፣ ቀጥሎ ቡና የሚቀዳው የአያት እጅ። ሦስት ሰፊ ምስል በተከታታይ ከመጣ ዓይን ይሰለቻል።

ድምፅን አትናቁ

የተለመደው አሠራር ከዳር እስከ ዳር አንድ መዝሙር ወይም ሙዚቃ ማልበስ ነው። ይህ ግን ከሁሉ የከበረውን ይሸፍናል። አያት በሀዲይሳ ቋንቋ ሲመርቁ አርባ ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ አትቁረጡት፤ ሙዚቃው ዝም ይበል፣ ቋንቋውን ለማያውቁ ልጆች ትርጉሙ በአማርኛ ከሥር ይጻፍ። ከዓመታት በኋላ ልጆቹ የሚፈልጉት ያንን ድምፅ ነው። ደግሞም ምስሉ ገና መንገድ ላይ ሳለ የአያትን «ግቡ፣ ግቡ» የሚል ድምፅ ቀድማችሁ ብታስገቡ ተመልካቹ ከመድረሱ በፊት ይናፍቃል።

ቅደም ተከተል ሊዋሽ ይችላል

እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሩስያ የፊልም ባለሙያ ያደረገው ሙከራ እስካሁን ይጠቀሳል። የአንድ ተዋናይን ያንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር አጋጠመው። ፊቱ አልተለወጠም፤ ተመልካቾች ግን በአንዱ ረሃብ፣ በሌላው ሐዘን አነበቡበት። ትርጉሙን የሰጠው አቀማመጡ ነው።

ይህ በቤት ውስጥም ይሠራል። አጎት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ የተቀረጸውን ቆርጣችሁ ከረጅም ንግግር ቀጥሎ ብታስቀምጡት፣ አጎት እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። ሳቅ ይገኛል፣ አጎት ግን ይዋረዳሉ። እንግዲህ ምስል ካለበት ቦታ ስታነሡ «ይህ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ቢያየው ምን ይለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጅ ሲቆጣና ሲያለቅስ የተቀረጸውንም ከማስገባታችሁ በፊት ልጁን አስፈቅዱ።

ያልታየው ማን ነው?

ሲያልቅ አንድ ጊዜ ሰዎቹን ብቻ እየቆጠራችሁ እዩት። አንዱ ልጅ አሥር ጊዜ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ይሆናል። ከዘመድ መጥቶ አብሮ የሚኖረው ልጅ ጭራሹን ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ የማይታየው ደግሞ ካሜራ የያዘው ሰው ነው። እናት ስትቀርጽ ከዋለች፣ ልጆች አድገው ሲያዩት እናታቸው በዚያ ገና ያልነበረች ይመስላቸዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ባል ስልኩን ይቀበላት።

ለማቀናበር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀደም ሲል ብዙዎቻችን በኮምፒውተር የምናውቀውን ሙቪ ሜከር ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ማቅረብ ቢያቆምም፣ ዛሬ በስልክ ላይ እንደ ካፕካት ያሉ ማቀናበሪያዎች አሉ፤ በአይፎን ደግሞ አይሙቪ አለ። ፊልሙን ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል።

በመጨረሻም፣ ፊልሙ አልቋል ብላችሁ ጥሬውን ቪዲዮ አታጥፉ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ በሁለት ቦታ ገልብጣችሁ፣ ዓመተ ምሕረቱንና የሰዎቹን ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ። እናንተ ዛሬ የቆረጣችሁት ቁራጭ ለልጃችሁ የፊልሙ መነሻ ሊሆን ይችላል።