የብሩሽ አልባ ሞተር ታይሚንግ (በሪሞት በሚነዱ ጀልባዎች)

የብሩሽ አልባ ሞተር ታይሚንግ የፍጥነት መቆጣጠሪያው (በአጭሩ ኢኤስሲ) ኤሌክትሪኩን ከአንዱ ጥቅል ሽቦ ወደ ሌላው የሚያዞርበት ሰዓት ምን ያህል እንደሚቀደም የሚገልጽ መጠን ሲሆን የሚለካው በዲግሪ ነው። በሪሞት በሚነዳ ጀልባ ላይ ፍጥነትን፣ የባትሪ ፍጆታንና ሙቀትን ይነካል፤ ከልክ በላይ ከተጨመረ ሞተሩን ወይም ኢኤስሲውን ሊያቃጥል ይችላል።

አሠራር

ብሩሽ አልባ ሞተር ከካርቦን የተሠራ ብሩሽ ስለሌለው ኤሌክትሪኩን በየተራ የሚያከፋፍለው ኢኤስሲው ነው። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ፣ ሦስተኛው ላይ ማግኔቱ በማለፉ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ ኢኤስሲው ያነባል። ይህ ቮልቴጅ ዜሮን ሲያቋርጥ ማግኔቱ የት እንዳለ ይታወቃል። ታይሚንጉ 0 ከሆነ ኢኤስሲው ከዚያ በኋላ 30 ዲግሪ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ጥቅል ይቀይራል፤ ታይሚንጉ 10 ከሆነ የሚጠብቀው 20 ዲግሪ ብቻ ነው።

መቅደም ያስፈለገው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደተሰጠው ወዲያው ስለማይሞላ ነው። ነገሩ በቤንዚን ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ካንዴላው ቀድሞ እንደሚተኩሰው ነው፤ መካኒኮችም ያንን ታይሚንግ ይሉታል። ለምሳሌ 4 ምሰሶ ያለው፣ በአንድ ቮልት 2000 ዙር የሚዞር ሞተር በ14.8 ቮልት ያለ ጭነት በደቂቃ 29,600 ዙር ይዞራል። በዚህ ፍጥነት አንዱ ቅያሪ 169 ማይክሮሰከንድ ገደማ ብቻ ይቆያል፤ 15 ዲግሪ ማለት ከዚህ ሩብ ያህሉ፣ 42 ማይክሮሰከንድ ነው።

እዚህ ላይ የሚባለው ዲግሪ የኤሌክትሪክ ዲግሪ እንጂ የዘንጉ አይደለም። 14 ምሰሶ ባለው ሞተር ዘንጉ አንዴ ሲዞር ኤሌክትሪኩ 7 ጊዜ ይዞራል።

አስተካከል

ብዙ ኢኤስሲዎች ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሚሉ ምርጫዎችን በሪሞቱ እጀታና በድምፅ ምልክት ወይም በፕሮግራም ካርድ ያቀርባሉ። በጀልባ ላይ በብዛት የሚገኙት፣ ማግኔታቸው ውስጥ የሚዞር 2 ወይም 4 ምሰሶ ያላቸው ሞተሮች ዝቅተኛ ታይሚንግ ይስማማቸዋል። ቆባቸው የሚዞር ባለ ብዙ ምሰሶዎቹ ግን ከፍ ያለ ይፈልጋሉ፤ ካነሳቸው ሲፋጠኑ ይንተፋተፋሉ። የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱ ይቀድማል።

ታይሚንግ ሲጨምር ዙር ይጨምራል፣ ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ኃይል ግን ከዙሩ በላይ ያድጋል፤ በግምት በዙሩ ኩብ። ዙሩ 5 በመቶ ቢጨምር ኃይሉ 16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ፍጥነት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ፕሮፔለር ወይም ባትሪ ቢቀይር ይሻላል፤ ታይሚንግ የመጨረሻው ማስተካከያ ነው።

የተለመደው አካሄድ ከዝቅተኛው ጀምሮ ጀልባዋን አንድ ደቂቃ ያህል ማስኬድ፣ ወደ ዳር መልሶ የሞተሩን፣ የኢኤስሲውንና የባትሪውን ሙቀት መለካት፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ብቻ መጨመር ነው። ፍጥነቱ እምብዛም ሳይለወጥ ሙቀቱ ከዘለለ ወደ ቀድሞው መመለስ ያስፈልጋል። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን በከፊል ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። የውኃ ማቀዝቀዣ ያለው ሞተር ውጩ ቀዝቅዞ ውስጡ ሊግል ስለሚችል ቆርቆሮውን በእጅ መንካት አያስተማምንም። ጀልባዋን ከውኃ ውጭ ይዞ መሞከርም ከንቱ ነው፤ ጭነትም ማቀዝቀዣም የለም።

በአርባ ምንጭ አካባቢ

ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር በላይ ይገኛሉ። የአየሩ መሳሳት ድሮንን ሲያዳክም ጀልባን አይነካም፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውኃ ነው። ችግሩ ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣው የሚቀዳው የሐይቁን ውኃ በመሆኑ ሞተሩ ከሐይቁ በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ቆላው ደግሞ ሞቃት ነው። በቀዝቃዛ አገር የተጻፈ መመሪያ «መካከለኛ» ያለውን እዚህ ከዝቅተኛው መጀመር ያዋጣል። የዓባያ ውኃ በደለል ቀልቶ የደፈረሰ በመሆኑ ቀጭኗን የማቀዝቀዣ ቱቦ ሊደፍን ይችላል፤ ከጎን የሚወጣው ውኃ ከቆመ ጀልባዋ ወዲያው መመለስ አለባት።

ጥልቀት ለመለካት ዝግ ብላ ለሰዓታት ለምትሄድ ጀልባ ዝቅተኛው ታይሚንግ በቂ ነው። በጫሞ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከአዞዎቹ ብዛት ነው፤ ሞተሯ ተቃጥሎ መሐል ላይ የቆመችን ጀልባ ዋኝቶ ማምጣት በሁለቱም ሐይቆች የማይታሰብ ነው።