የንግድ ሶፍትዌር ሲሻሻል ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ እና ከአቅራቢ የሚጠበቅ ድጋፍ

በአፋር ክልል በመልካ ወረር፣ በአዋሽ እና በሰመራ ከተሞች የሚሠሩ መድኃኒት ቤቶች፣ የግብርና ግብዓት መሸጫዎች፣ ሆቴሎችና የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ሽያጫቸውን፣ የዕቃ ክምችታቸውንና የዱቤ ሒሳባቸውን በኮምፒውተር መያዝ ጀምረዋል። ሶፍትዌሩ በአግባቡ ሲሠራ ሥራን ያቀልላል። በማሻሻያ ምክንያት ሲቆም ግን የሚጠግን ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አዲስ አበባ ወይም አዳማ ነው። ስለሆነም ከከተማ ራቅ ብሎ ለሚሠራ ነጋዴ ከሶፍትዌሩ ዋጋ ባልተናነሰ የድጋፍ ውሉ ይዘት ወሳኝ ነው።

ማሻሻያ ስንል

ማሻሻያ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የደኅንነት ጉድለትን የሚደፍን አነስተኛ ማሻሻያ ሲሆን፣ ሳይዘገይ መጫን ይኖርበታል። ሁለተኛው ወደ አዲስ ዕትም መሸጋገር ነው። ይህኛው የመረጃውን አቀማመጥ ጭምር ስለሚለውጥ ዝግጅት ይጠይቃል። ለምሳሌ ብዙ የሒሳብ ባለሙያዎች በፒችትሪ ስሙ የሚያውቁት፣ በአሁኑ መጠሪያው ሴጅ 50 የተባለው ሶፍትዌር፣ በአዲሱ ዕትም አንድ ጊዜ የተከፈተን የድርጅት ፋይል በቀድሞው ዕትም መልሶ ለመክፈት አያስችልም። ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው ከሽግግሩ በፊት የተቀመጠ ቅጂ ካለ ብቻ ነው።

መዘግየትም መቸኮልም ዋጋ ያስከፍላሉ

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው ከጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ስለነበር፣ በአብዛኛው የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑ ነበሩ። በአንጻሩ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው ስሕተት ያለበት ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒውተሮችን አስቁሞ፣ በረራዎችንና የባንክ አገልግሎቶችን አስተጓጉሏል።

በአገራችንም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገድዷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ክስተቱ ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን በወቅቱ አሳውቋል። ብዙ ባለሙያዎች ያሉት ተቋም ከዚህ አደጋ ካላመለጠ፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለው ነጋዴ ይበልጥ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቋርጧል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ለተራዘመ ድጋፍ ካልተመዘገበ በቀር አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር የሚያስብ ነጋዴ የሒሳብ ሶፍትዌሩ፣ ፕሪንተሩና ባርኮድ ማንበቢያው ከአዲሱ ጋር የሚሠሩ መሆናቸውን ከአቅራቢው አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

ከማሻሻያው በፊት የሚከናወኑ ተግባራት

1. ሙሉ መረጃውን ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ሀርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ መቅዳትና ቢያንስ አንዱን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ።
2. ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል መከፈቱን መሞከር። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።
3. የደንበኞችን የዱቤ ቀሪ ሒሳብና የዕቃ ክምችት ዝርዝር በወረቀት ማተም፤ ከማሻሻያው በኋላም ማመሳከር።
4. ተስማሚ ቀን መምረጥ። የበጀት ዓመት መዝጊያ፣ የግብር ማስታወቂያ ቀነ ገደብ የሚቃረብበት ጊዜ እና ገበያ የሚደራበት የጥጥ ለቀማ ወቅት አይመረጡም።
5. በሥራው መሐል መብራት ቢቋረጥ ፋይሉ እንዳይበላሽ ኮምፒውተሩን ከዩ.ፒ.ኤስ. ጋር ማገናኘት። የአካባቢው ሙቀት የኮምፒውተርንና የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር ሁለቱም አስቀድመው ይፈተሹ።

በሕግ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ የሚገደድ ግብር ከፋይ መዝገቡን በሕግ ለተወሰነው ጊዜ ማቆየት ስላለበት፣ «በማሻሻያ ጊዜ ጠፋብኝ» የሚለው ምክንያት ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም።

ከአቅራቢው የሚጠበቁ ግዴታዎች

የቃል ተስፋ ችግር ሲፈጠር ማስረጃ አይሆንም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ የሚከተሉትን መመለስ አለበት፦ ድጋፉ እስከ መቼ ይቆያል? ችግር ሲነገረው አቅራቢው በስንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ ይሰጣል? በስልክ ወይም በርቀት ካልተፈታ ባለሙያ ወደ መልካ ወረር ወይም ወደ ሰመራ የሚመጣው በስንት ቀን ነው? የጉዞና የውሎ አበል ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ማሻሻያው ካልሠራ አቅራቢው ወደ ቀድሞው ዕትም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመልሳል? ውሉ ሲቋረጥ ነጋዴው መረጃውን በሌላ ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል መልክ ይረከባል?

ባለሙያ በርቀት ሲገባ ነጋዴው ወይም ሠራተኛው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ሊሆን፣ ሥራው እንዳለቀም የይለፍ ቃሉን ሊለውጥ ይገባል። ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከአምራቹ ድጋፍ የመጠየቅ መብት እንደማይኖረው መገንዘብ ያስፈልጋል።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን በተመለከተ

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና ከእርሱ ጋር የሚሠራ የሽያጭ ሶፍትዌር በታክስ ሕግ የሚመሩ ስለሆኑ፣ እንደማንኛውም ፕሮግራም በራስ ውሳኔ አይሻሻሉም። ተጠቃሚው ዕውቅና ካለው የአገልግሎት ማዕከል ጋር የጸና ውል ሊኖረውና መሣሪያውን በየዓመቱ ሊያስመረምር ይገባል። በታክስ ባለሥልጣኑ ዕውቅና ያልተሰጠው ሰው ሶፍትዌሩን ቢለውጥ ወይም ቢያሻሽል አስተዳደራዊ ቅጣት ያስከትላል። መሣሪያው ሲበላሽም ለአገልግሎት ማዕከሉና ለታክስ ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘገዩ ማሳወቅና የማሳወቂያውን ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል።

ነጋዴዎች የሚቀጥለው ማሻሻያ ከመድረሱ በፊት በእጃቸው ያለውን የድጋፍ ውል አውጥተው ከላይ ከተዘረዘሩት ጥያቄዎች ጋር እንዲያመሳክሩ፣ የጎደለም ካለ አቅራቢው በጽሑፍ እንዲያሟላ እንዲጠይቁ ይመከራል።